ለማን ብዬ ልነሳ?

ዶክተር ዘይዱን ትሎች እንዳያረጁ በማድረግ የታወቀ ሰው ነበር። የታወቀ ሲባል፣ በዓለም ላይ ሥራውን የሚያውቁለት አሥር የማይሞሉ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው፤ ከእነሱም ሁለቱ አይወዱትም። ወጣትነቱን በሙሉ ሆላንድ አገር፣ ግሮኒንገን በምትባል ዝናባማ ከተማ፣ አጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሶ ጨረሰው። በመጨረሻም በዓይን የማትታይ አንዲት የአፈር ትል ከዘመዶቿ ጥቂት ቀን ተርፋ እንድትኖር አደረገ። ትሏ ምስጋና አላቀረበችም። እሱ ግን በእሷ ዶክተር ተባለ፣ በእሷ የተነሳ ከሚስቱ ተፋታ፣ በእሷ የተነሳ አንገቱ ጎበጠ። ሚስቱ ስትለየው ያለችው ይህን ብቻ ነበር፦ "የእኔም ዕድሜ እኮ እየሄደ ነው፤ አጎንብሰህ አይተኸው ታውቃለህ?"

ወደ አገሩ ወደ ዮርዳኖስ ሲመለስ አንድ ዩኒቨርሲቲ በክብር ተቀበለው። ቢሮ ሰጡት፤ ለትሎቹም ማቀዝቀዣ ሰጡት። በመጀመሪያው የዒድ በዓል መብራት ጠፋና ትሎቹ አንድ ሳይቀሩ አለቁ። ዕድሜ ሊያረዝም ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው የሬሳ ሳጥን ይዞ ቀረ። የክፍሉ ኃላፊ መጥተው ማቀዝቀዣውን ከፈቱ፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ "አላህ ይማራቸው" አሉና ወጡ።

ከዚያ በኋላ ስለ እርጅና ማስተማር ብቻ ሆነ እንጂ እርጅናን ማጥናት ቀረ። ዓመት ዓመትን ሲወልድ፣ ዘይዱን አንድ ቀን "ልለቅ ነው" ብሎ ተናገረ። እውነቱን ለመናገር፣ ሊለቅ ፈልጎ አልነበረም፤ ሊለመን ፈልጎ ነው። እነሱ ግን ኬክ ገዙለት። ስሙን በክሬም የጻፈው ሰው "ዶክተር" የሚለውን ማዕረግ ትልቅ አድርጎ ስለጀመረው ለስሙ ቦታ አጥቶ "ዘይ" ብሎ ትቶታል። ዘይዱን ኬኩን በላ፣ አጨበጨቡለት፣ ወጣ። በሳምንቱ ቢሮውን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ሥራ የሰጠችው የቀድሞ ተማሪው መሐንዲስ ሉጀይን ናት። አማን ውስጥ፣ ከአንድ የሶፋ መሸጫ ፎቅ ላይ፣ ትንሽ ድርጅት አቋቁማለች። የምትሠራው ትራስ ነው፤ ወንበር ላይ የሚነጠፍ፣ አዛውንት ሲቀመጡና ሲነሱ ጉልበታቸው ምን ያህል እንደቀረ የሚለካ፣ መውደቂያቸው ሲቃረብ ለቤተሰብ አስቀድሞ የሚናገር ትራስ። ዘይዱን ያቀረበውን የሥራ ታሪክ ገጹን እየገለጠች፣ እየገለጠች፣ እየገለጠች አየችና፣

"ዶክተር፣ ቅር እንዳይልዎት" አለችው። "የትኛው ገጽ ላይ ነው ምን መሥራት እንደሚችሉ የተጻፈው?"

ዘይዱን ገጾቹን ተቀብሎ አገላበጠ። እሱ ራሱም ያንን ገጽ አያውቀውም።

"ለሙከራ ልውሰድዎት" አለች። "እናትዎ ከአጅሉን ወዲያ ካለች መንደር ናቸው አሉ። ከዚያ የሃያ ሽማግሌዎችን አነሳስ ለክተው ካመጡልኝ ሥራው የእርስዎ ነው። ካላመጡ ግን፣ በአላህ፣ የድሮ አስተማሪዬን የማኖርበት ገንዘብ የለኝም።"

ነገሩ እንግዲህ ይኼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከወንበር ከተነሱለት ዘይዱን ሥራ አለው። ካልተነሱለት የሚመለስበት ቢሮ ሰው ተቀምጦበታል።

ዘይዱን አልሰጋም። በዓለም ያሉ የእርጅና አጥኚዎች ሁሉ የሚያውቁት ቀላል ፈተና አለ፦ አዛውንቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ ይላሉ፤ አጥኚው ፊታቸው ቆሞ ሰዓት ይይዛል። የዘገየ ለመውደቅ ቅርብ ነው። የትራሱ ልኬት ከዚህ ፈተና ጋር ከተስማማ ትራሱ እውነተኛ ነው። ትል እንኳ ያስታመመ ሰው ሽማግሌ ማስነሳት ያቅተዋል?

ቅዳሜ ከቀትር ሶላት በኋላ እሱና ሉጀይን መንደሪቱ ደረሱ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው መዳፋው ውስጥ፣ ማለትም ጎሳው በጋራ ባሠራው የእንግዳ አዳራሽ፣ በግድግዳው ዙሪያ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀምጠው መርየሚያ የሚባል መዓዛማ ቅጠል የገባበት ሻይ ይጠጣሉ። ሁለቱ ብቅ ሲሉ አዳራሹ ሁሉ ተነሳ።

"ኖር! ኖር!"

"በአላህ፣ ተቀመጡ!" አለ ዘይዱን፤ የተቀመጠ ግን የለም። ከቀኝ ጀምሮ የሁሉንም እጅ ጨብጦ፣ የሁሉንም ጤና ጠይቆ፣ የእሱም ተጠይቆ ሲያበቃ ነው ወንበር ያገኘው።

የአዳራሹ ታላቅ አቡ ጠራድ ነበሩ፤ የእናቱ አጎት፣ ዘጠናን የተጠጉ፣ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ድምፃቸው ግን ገና ያልነጣ ሰው።

"የማን ልጅ ነህ?"

"የሐምዳ ልጅ ነኝ።"

"ሐምዳ! አህያዬን ገደል የሰደደችው?"

"እሱን አልነገረችኝም።"

"አትነግርህም። ዶክተር ነህ አሉ። በል ጉልበቴን እይልኝ።"

"አይ፣ የዚያ ዓይነት ዶክተር አይደለሁም፣ አጎቴ።"

"የጥርስ ነህ?"

"የትል ነበርኩ።"

"የሆድ ትል?" አሉ በሥርዓት አቡ ሚትዓብ የሚባሉት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከሁሉም ስለሚያንሱ መዳፋው ውስጥ "ልጁ" ነው የሚባሉት።

"የአፈር።"

"አፈሩን አሞት ነው?"

ሉጀይን ሻይዋ ውስጥ አቀረቀረች። ዘይዱን ሳል አስመስሎ ተነሳ፣ ትራሱን አቡ ጠራድ ወንበር ላይ አነጠፈ። ከእሳቸው ሌላ መጀመሪያ የሚፈተን አልተገኘም፤ ታላቅ እያለ ማን ይቀድማል? አሠራሩን አስረዳቸው፤ እጃቸውን አጣመሩ። ሰዓቱን ይዞ ፊታቸው ቆመና "በሉ ይነሱ!" አለ።

አቡ ጠራድ ተነሱ። ከእሳቸው ጋር ሃያ ወንበር ተንኳኳና አዳራሹ ሁሉ ቆመ።

"አይ፣ አይ! እሳቸው ብቻ።"

"እሳቸው ቆመው እኛ ተቀምጠን?" አሉ አቡ ሚትዓብ። "ያሳደገን የለም?"

"እሺ፣ ይሁን። አጎቴ፣ አሁን ይቀመጡ።"

"አንተ ቆመህ?"

"እኔ ሰዓት ልይዝ ነው።"

"ተቀምጠህ ያዘው። እንግዳ ቆሞ የዚህ ቤት ሰው ተቀምጦ አያውቅም።"

ዘይዱን ተቀመጠ። አቡ ጠራድ ተቀመጡ። አዳራሹ ተቀመጠ። ሰዓቱ ግን መሄድ አለመሄዱን ለማየት ወደ ብርሃኑ ብድግ ቢል፣ ሃያ ሽማግሌ አብሮት ብድግ አለ። ደንግጦ ቁጭ ቢል፣ ቁጭ አሉ። ሊያብራራ ብድግ ቢል፣ ብድግ አሉ። ከአገር ቤት እስከ ሆላንድ ብዙ ፈተና ሰጥቷል፤ እሱ ራሱ ከተፈታኞቹ ጋር እኩል የተፈተነበት ይኼኛው ብቻ ነው። በአራተኛው ላይ የቀኝ ጉልበቱ ቋ ብሎ ጮኸ። ከሽማግሌዎቹ ጉልበት አንዱም አልጮኸም።

በዚህ መካከል አንድ የዘገዩ ሰው በሩ ላይ ብቅ አሉ። "ኖር! ኖር!" ሁሉም ተነሳ፤ ሰውዬውም ከቀኝ ጀምረው የሁሉንም እጅ ጨበጡ፤ እያንዳንዱ ሰው ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ወይራቸው፣ ስለ ኩላሊታቸው ጠየቀ። እሳቸው ሳይቀመጡ ደግሞ ሌላ ገባ።

ዘይዱን ያን ጊዜ ነው ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለውን የረሳው። በአስተማሪ ድምፁ፣ ያውም በትልቁ፣

"እባካችሁ" አለ፣ "ለአንድ ሰዓት ያህል ይኼን አክብሮት እንተወው!"

አቡ ጠራድ ጢማቸውን አሻሹ።

"እንተወዋለን፤ ምን ቸገረን?" አሉ። "የት እናስቀምጠው? ደጅ ከጫማችን ጋር?"

የሳቀ ሰው የለም፤ ቢስቁ ይሻለው ነበር። ፊቱ እንደ ሚጥሚጣ ቀላ። ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታውን ተቀበሉት፤ እንግዳ ነውና። ከዚያም ለእሱ ሲሉ ሁሉም ወደ ግቢው ወጥተው እንደ በቆሎ አገዳ ከግቢው የሾላ ዛፍ ሥር ተደርድረው ቆሙ። አዳራሹ ውስጥ አቡ ጠራድ፣ ሉጀይንና እሱ ብቻ ቀሩ። እሱም ጥጉ ላይ ተቀመጠ፣ ጥፋት እንዳይሠራ።

"አሁን ማንም የለም፣ አጎቴ። ይነሱ።"

አቡ ጠራድ ዞር ዞር ብለው አዳራሹን አዩ።

"ለማን ብዬ ልነሳ?"

"ለማንም አይደለም። እንዲሁ ነው።"

"እንዲሁ?" አሉ። "ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ለእንግዳ ተነስቻለሁ፣ ለሶላት ተነስቻለሁ፣ ለጠብም ተነስቻለሁ። እንዲሁ ተነስቼ አላውቅም። እንዲሁ የሚነሳ ሰው ሲያዩት ምን ይላሉ?"

"ለጥናቱ ብለው ይነሱ።"

"ጥናቱ የት አለ? ይግባና እነሳለታለሁ።"

ዘይዱን ሉጀይንን አያት። እሷ የእጅ ሰዓቷን አየች። የከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት እየተቃረበ ነው፤ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የአንድም ሰው ልኬት አልያዘም። በልቡ ያ ኬክ መጣበት፤ በአፉም የክሬሙ ጣዕም። "ትንሽ ንፋስ ልውሰድ" ብሎ ወጣ።

"ጨረስክ?" አሉት አቡ ሚትዓብ ከሾላው ሥር።

"ጨረስኩ፣ አጎቴ። እኔው ራሴ ነኝ ያለቅሁት።"

"አይዞህ። ትሎቹም እንዲሁ እንቢ ብለውህ ነበር?"

"እነሱ አርፈው ይሞታሉ እንጂ እንቢ አይሉም።"

ዕቃውን ሰብስቦ ሊሰናበት ተመልሶ ደፉን ሲረግጥ፣ አቡ ጠራድ ብድግ አሉ። "ኖር!" ክንዳቸው የወንበሩን መደገፊያ አልነካም፤ ወገባቸው አልተንገዳገደም፤ ቀኝ እጃቸው ለሰላምታ ተዘርግቷል። ሉጀይን ጭን ላይ ያለው፣ ከትራሱ ልኬቱን የሚቀበለው መሣሪያ ጢክ ብሎ አንድ መስመር ጻፈ። መስመሩን አየች፤ ቀና ብላም ዘይዱንን አየች።

"ይውጡ" አለች ቀስ ብላ።

ልታሰናብተኝ ነው ብሎ ደነገጠ። "አሁኑኑ?"

"አዎ። ይውጡና ተመልሰው ይግቡ።"

ዘይዱን ነገሩ ገባው፤ እስኪገባውም ጊዜ ወስዶበታል። ወጣ። ከደጅ ያሉት ትክ ብለው አዩት። ገባ። "ኖር!" አቡ ጠራድ ተነሱ፤ ጢክ። እጁን ጨበጡት፤ እናቱን ጠየቁት። ወጣ፣ ገባ። "ኖር! ምነው ቶሎ ተመለስክ?" ጢክ። ወጣ፣ ገባ። "ኖር! ውጭው ብርድ ነው መሰለኝ፤ የእናትህ ልጅ ነህ፣ አንድ ቦታ አትረጋም።" ጢክ። ለፈተናው ብሎ የመጣበትን ነጭ ጋውን እንደለበሰ፣ ሰዓት አንጠልጥሎ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት ወፍ በአንድ በር ብቅ ጥልቅ እያለ፣ ያስተማሩትን የሆላንድ ፕሮፌሰር አሰባቸው። ደግነቱ ፕሮፌሰሩ ሞተዋል።

አራት ሞላ። አንድ ቀረው። በጉጉት፣ እንዲያውም በመጠነኛ ኩራት፣ ለአምስተኛ ጊዜ ደፉን ረገጠ።

አቡ ጠራድ እንደተቀመጡ ቀሩ።

"አጎቴ?"

"ምን ሆንክ?"

"አልተነሱም እኮ።"

"አምስት ጊዜ የገባ ሰው ምኑ እንግዳ ነው? የቤት ልጅ ነው። ለቤት ልጅ አይነሱም።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቆመህ ከቀረህ ደግሞ ውሃ አምጣልኝ።"

ዘይዱን ውሃ አመጣላቸው። ምን ያድርግ? ጠጥተው እስኪጨርሱም እንደ ሥርዓቱ ብርጭቆውን ሊቀበል አጠገባቸው ቆመ። እዚያ ቆሞ ሳለ ነው ሉጀይን መሣሪያዋን እጁ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ በጓሮ በር ወጥታ በዋናው በር የመጣችው።

"ሰላም ለዚህ ቤት!"

አቡ ጠራድ ተነሱ፤ ከእስካሁኑ ሁሉ ፈጥነው ተነሱ። "ኖር! የእንግዶች እመቤት!" ጢክ አለ ዘይዱን እጅ ላይ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከእጃቸው የወሰዱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ጨዋታው ምን እንደሆነ ደጅ ላሉት ሲነገራቸው ከሾላው ሥር ሳቅ ፈነዳ። አንዱ ትራሱ ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ በተራ ይገቡለታል፤ ይነሳል፣ ይጨብጣል፣ ይሳሳማል፣ ይቀመጣል። ከአሥር ዓመት በፊት በወሰን የተኳረፉ ሁለት ሰዎች እንኳ ተራ ደረሰባቸውና አንዱ ገባ፣ ሌላው ተነሳ፤ ምንም አልተባባሉም፤ ትራሱ ግን ጻፈው። አቡ ሚትዓብ ብቻ ናቸው ያስቸገሩት። እሳቸው ሲገቡ ታላላቆቹ ግማሽ ድረስ ብድግ ብለው "ና ግባ፣ ልጁ" እያሉ ይቀመጣሉ፤ መሣሪያውም ይኼን ምን ብሎ እንደሚጽፈው ግራ ገባው።

"ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሁላችሁም ስነሳ ኖሬ!" አሉ አቡ ሚትዓብ ተቆጥተው። "ለሳይንስ ስትሉ እንኳ አንድ ቀን ሙሉውን አትነሱልኝም?"

"መጀመሪያ ሸምግለህ ና" አሏቸው።

የሶላት ጥሪ ሲሰማ የመጨረሻው ሰው ልኬት ተያዘ።

መኪናው የአጅሉንን ጠመዝማዛ ቁልቁል ሲወርድ ሉጀይን ትነዳለች፤ ዘይዱን መሣሪያውን ታቅፎ ዝም ብሏል። የፈለገው ሁሉ እቅፉ ውስጥ አለ፤ ዝም ቢል ሥራው የእሱ ነው። ግን ዝም ማለት የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ ቀድሞውንም አስተማሪ አይሆንም ነበር።

"መሐንዲስ ሉጀይን" አለ። "ይኼ እኮ ፈተናው አይደለም።"

"ተነስተዋል ወይስ አልተነሱም?"

"ተነስተዋል። ግን እጃቸውን አላጣመሩም። በየመካከሉ ወሬ አለ። የሚነሱት ለሰው ነው፤ ለሰው ሲነሱ ደግሞ የሌላቸውን ጉልበት ያወጣሉ። አቡ ጠራድ ለአንቺ የተነሱትን አየሽው? ያ የዘጠና ዓመት ሰው አነሳስ ነው? ማንም ሳይገባ፣ ብቻቸውን ሆነው፣ ለሶላት ትጥበት፣ ለውዱእ ሲነሱስ እንዴት ናቸው? እሱን አልለካንም። በታወቀው ፈተና ለካን ብለን ትራሱን ለሚገዙት ብንልክ ውሸት ነው። እኔ ስሜን አላኖርበትም።"

ይኼን ተናግሮ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጥሩ ተናገርክ፣ አለው አንዱ ልቡ። ደመወዝህንም አብረህ ሸኘሃት፣ አለው ሌላው።

ሉጀይን ሦስት መታጠፊያ አለፈች።

"ውሸት ጻፉ ማን አለዎት?" አለች በመጨረሻ። "እንደሆነው ይጻፉት። ለሰው ሲነሱ ይኼን ያህል ብለው ይጻፉ። ትራሱን ደግሞ አቡ ጠራድ ቤት እንተወዋለን፤ ብቻቸውን ሲነሱ እሱ ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው እኔ የምፈልገው። ሰውዬው ለእንግዳ የሚበቃ ጉልበት ኖሮት ለራሱ ሲያጣ፣ የሚወድቀው ያኔ አይደል?"

ዘይዱን ከመስኮቱ ወደ እሷ ዞረ። በዚህ ዓይነት ሐሳብ ሆላንድ ውስጥ ሦስት ዓመት ገንዘብ ይለመንበታል።

"ይኼን ከየት አመጣሽው?"

"እርስዎ አይደሉ አሁን የነገሩኝ? ብቻ 'ግን' እያሉ ነው የተናገሩት። እኔ 'ግን'ዋን አወጣሁልዎት።" ማርሽ ቀየረች። "ሪፖርቱ አንድ ገጽ ይሁን።"

"አንድ ገጽ!"

"አንድ ገጽ፣ ዶክተር። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከረክ እንሄዳለን፤ ከዚያ መዐን። በየመዳፋው እየዞረ የሚገባ ሰው ያስፈልገኛል፤ የሚያምር አገባብ ነው ያለዎት። ሥራው የእርስዎ ነው።"

"የሥራ መደቤ ምን ተብሎ ይጻፋል?"

አሰበች። "ዋና እንግዳ።"

ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ደስ ይበለው ወይስ ይፈር ለይቶ ማወቅ አቃተው። ይኼን ሁሉ ዘመን ተምሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በመጨረሻ ደመወዝ የሚከፈለው በር ላይ ብቅ ብሎ ሰላም ለማለት ነው። ያም ሆኖ፣ ከብዙ ዓመት ወዲህ አንገቱን ቀና አድርጎ የዋለበት የሥራ ቀን ዛሬ ብቻ መሆኑን አስተዋለ፤ ያጎነበሰው በሩ ላይ ሰላም ሲል ብቻ ነው።

ጀረሽ ሳይደርሱ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት።

"ምን ሆነ? ወሰዱህ ወይስ አባረሩህ?"

"ወሰዱኝ፣ እማ።"

"አልሐምዱሊላህ! ምን አድርገው ወሰዱህ? ፕሮፌሰር?"

"እንግዳ።"

"ምን?"

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት፦ ስለ ትራሱ፣ ስለ መዳፋው፣ እየወጣ ስለመግባቱ፣ ሃያ ሽማግሌዎች ስለመነሳታቸው። ውሃ ስለማምጣቱ ብቻ አልነገራትም። እናቱ እስኪጨርስ ሳታቋርጠው አዳመጠች፤ በዕድሜዋ ሳታቋርጠው ያዳመጠችው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያም ድምፅዋ ሲመጣ ከአፏ ሳይሆን ከአጅሉን ተራራ የወጣ ይመስል ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። አጎቴ አቡ ጠራድ ዘንድ ገባህ?"

"ገባሁ።"

"ስንት ጊዜ ነው ገባሁ ያልከኝ?"

"አምስት።"

"አምስት ጊዜ ሙሉ" አለች እናቱ፣ "ባዶ እጅህን?"

ዘይዱን ስልኩን ከጆሮው አራቀ። የሚቀጥለው ንግግሯ ለሉጀይንም ይሰማ ነበር፤ ስለ አባቱ አጥንት፣ ስለ ባቅላዋ፣ ስለ ትንሽ ካርቶን ቴምር እንኳ፣ ስለ ተማረ ሰው ባጠቃላይ።

ጀረሽ ከተማ ሲገቡ ሉጀይን ክናፋ የሚባል ጣፋጭ ከሚሸጥበት ቤት በር ላይ መኪናዋን አቆመች፣ ወደ መንደሪቱ ለመመለስ መሪውን እያሰናዳች።

"ትልቁን ሳህን ይግዙ" አለችው። "በጥናት መሣሪያ ስም ይመዘገባል።"